አሮጌዋ ቮልስዋገንና የምርመራ ወረቀቷ



«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ አበው። አባባሉ በወትሮው የሚጠቀሰው ስለ ውልና ስለ ክርክር ነው። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን ግን ስለ ሌላ ዓይነት ወረቀት፣ ይኸውም ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ለመንገድ ብቁ መሆኑ ስለሚረጋገጥበት ሰነድና በፊት መስተዋት ላይ ስለሚለጠፈው ቦሎ ልናወሳ እንወዳለን። ለዚህም ያነሣሣን ከባልደረቦቻችን በአንዱ ቤተሰብ ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው አደጋ ነው። በጉዳዩ ውስጥ እኛም የራሳችን ድርሻ ስላለን፣ ነገሩን ሳናድበሰብስ እንደሆነው እናቀርበዋለን።

የሦስት ልጆች አባት የሆኑ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ከባለቤታቸው ጋር ለዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ለመግዛት አሰቡ። መኪናይቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ስትሆን፣ ቀለሟ አዲስ፣ የሞተሯም ድምፅ የተስተካከለ ነበር። ሻጩም ዓመታዊውን ምርመራ ካለፈች ገና ሦስት ሳምንቷ መሆኑን ነግሮ ወረቀቷን አሳያቸው። ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡና «መቶ አለቃ፣ እርስዎ ሰነድ ማንበብ ይለምድዎታል፤ እስቲ ይመልከቱልኝ» አሉን። ቀኑን አየን፤ ማኅተሙን አየን፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አመሳከርን። ከዚያም «ምንም እንከን የለውም፤ ይግዟት» አልን። መኪናይቱን ግን ወጥተን አላየናትም።

ለትንሣኤ በዓል ዋዜማ ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ወደሚኖሩት አያት ዘንድ ጉዞ ጀመረ። መንገዱን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ ጣርማበር ላይ ከሦስት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይደረስና፣ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወደ ቆላው ይወረዳል። ደብረ ብርሃን ከመድረሳቸው በፊት፣ ከትንሹ ልጅ ጋር ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ «አንተ፣ ቤንዚን አይሸትህም?» ሲሉ ጠየቁ። ሃምሳ አለቃውም «አሮጌ መኪና አይደለችም እንዴ? ትንሽ ብትሸት ምን አለበት፤ ደግሞስ ምርመራውን አልፋለች» አሉ። ወይዘሮዋ ግን «ወረቀቱ አፍንጫ የለውም፤ ስንደርስ አቁምልኝ» ብለው ጸኑ።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ መካኒክ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት፣ ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ ርሶ ተገኘ። ጠብታው የሚያርፈው በጋለው ሞተር ላይ ነበር። መካኒኩ በዚህ ሳይወሰን የኋላውን መቀመጫ ቢያነሣው፣ ባትሪው ክዳን አልባ ሆኖ፣ ከበላዩ ያለው የመቀመጫው ሙሌት ጠቁሮ አየ። ልጁ ተቀምጦ የመጣው በዚያ ላይ ነው። ባትሪው ያረፈበት ወለልም በዝገት ከመበላቱ የተነሣ አስፋልቱ በቀዳዳ ይታይ ነበር። ቤተሰቡ መኪናዋን እዚያው ትቶ በአውቶቡስ ተሳፈረ፤ ፋሲካንም ከአያት ጋር በሰላም ዋለ። እኛ ይህንን ስንሰማ የተሰማንን ኀፍረት ለመግለጽ ቃል አያሻም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ወረቀቱ ዋሽቷልን? ነገሩን መርምረን የደረስንበት መልስ «አልዋሸም» የሚል ነው። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ አንዲት ቀንና በዚያች ቀን ዓይን ስለደረሰበት ነገር ብቻ ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ያልተናገረውን እንደተናገረ አድርገን አንብበነዋልና። ይህንንም ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ መኪናይቱ፣ ቀጥሎም ስለ ምርመራው ባሕርይ ጥቂት ማለት ይገባል።

ቮልስዋገን በወታደር እጅ ያለፈ ታሪክ አላት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ የሚገኘው ፋብሪካ በቦምብ ተደብድቦ በብሪታንያ ጦር ቁጥጥር ሥር በነበረበት ጊዜ፣ ሥራውን እንዲያንሠራራ ያደረጉት ሻለቃ አይቫን ኸርስት የተባሉ የብሪታንያ ጦር መካኒካል መሐንዲስ ናቸው። በ1945 የብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር 20,000 መኪናዎችን አዘዘ፤ መደበኛው ምርትም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ማለቂያ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ መኪናይቱ ዓለምን አዳረሰች። በየካቲት 1972 የተሠሩት ቁጥር 15,007,034 ደርሶ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያች ዕለት በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከዚህ የምንረዳው፣ በዛሬው ጊዜ በእጃችን የምትገኝ ማንኛዋም ቮልስዋገን ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለገለች መሆኗን ነው። በአገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ያሉትን አሮጌዎች እየጠገኑ የሚያቆዩ ቤተሰቦች ጥቂት አይሆኑም። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሃምሳ አለቃ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። በብሪታንያ የተሽከርካሪ ምርመራ ግዴታ ሆኖ በ1960 ሲጀመር የሚመለከተው ዐሥር ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ነበር፤ የሚታዩትም ፍሬን፣ መሪና መብራት ብቻ ነበሩ። የአካሉና የሻንሲው ጥንካሬ፣ የማርሚታው ሁኔታ፣ ክላክሱና የዝናብ መጥረጊያው በምርመራው ውስጥ የተካተቱት በ1977 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥራ ሰባት ዓመታት ወለሏ በዝገት የተበላ ቮልስዋገን፣ ፍሬኗ ቢይዝ፣ መሪዋ ቢታዘዝና መብራቷ ቢበራ ምርመራውን በሕጋዊ መንገድ ልታልፍ ትችል ነበር ማለት ነው። መርማሪው አላጠፋም፤ ወረቀቱም አልዋሸም፤ ወለሉ ግን አልተጠየቀም።

ዛሬም ቢሆን በዚያው አገር የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ መኪናው በምርመራው ዕለት ዝቅተኛውን መመዘኛ ማሟላቱን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ብቁ ሆኖ መቆየቱን አያረጋግጥም። ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና የማርሽ ሳጥኑ በውስጥ ያሉበት ሁኔታም በዚህ ምርመራ አይመዘንም። መርማሪው የመኪናውን ክፍሎች እንዲፈታ አይፈቀድለትም። በጀርመን አገር የግል መኪና የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረግለት በተመዘገበ በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ነው። በእኛ አገር ምርመራው በየዓመቱ በመሆኑ የተሻለ ዕድል አለን። ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ቀን የሚታይ መኪና የቀሩትን ቀናት የሚያሳልፈው በባለቤቱ እጅ ነው።

ወታደር ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጠዋቱ የትጥቅ ፍተሻ መሣሪያው ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ወታደር፣ ማታ ከአቧራ ውስጥ ሲመለስ «ጠዋት ተፈትሼ አልፌአለሁ» ብሎ ሳይወለውል አያድርም። ፍተሻው የሚለካው የወታደሩን ልማድ ነው፤ ልማዱን ግን አይተካውም።

የቮልስዋገን ችግር ደግሞ ልዩ ነው። ዋና ዋና ድካሞቿ የተሸሸጉት ከመቀመጫ ሥር፣ ከምንጣፍ በታችና ከሞተር ክዳን ውስጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንዘረዝራቸው በየትኛውም አገር የዚህችን መኪና ባለቤቶች የሚያጋጥሙ የታወቁ ጉድለቶች ናቸው።

አንደኛ፣ የቤንዚን ቱቦው። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን መያዣዋ ከፊት በመሆኑ ቤንዚን መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያሉት የጎማ ቱቦዎች በሙቀት ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። በካርቡራቶሩ መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ የነሐስ ቧንቧም ላልታ ልትወጣ ትችላለች። የሞተሩ ዋና አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቀጣጠለ በውሃ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቱቦው ግን ዋጋው ትንሽ፣ ለመለወጥም የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ያገለገለች ቮልስዋገን የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ቱቦዎቹን በአዲስ ይለውጥ፤ ማሰሪያቸውንም ያጥብቅ። የዱቄት እሳት ማጥፊያም እጅ በሚደርስበት ቦታ ያኑር።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። የባትሪው ቦታ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። መቀመጫው የብረት ሞላዎች ስላሉት፣ ክዳኑ የጠፋ እንደሆነ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ወይም ልጆች ሲዘሉበት ሞላው የባትሪውን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሙሌቱ ይቃጠላል። ከባትሪው የሚፈሰው አሲድም ወለሉን ይበላል። መቀመጫውን አንሥቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ክዳን ከሌለው በቂ ውፍረት ያለውና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ሳይደረግበት ማንም ሰው በዚያ ላይ አይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የሚሄዱት ባዶ ብረቶች። እነዚህ ብረቶች ሁለት ሥራ አላቸው፤ አካሉን ይሸከማሉ፤ ከሞተሩ የሚመጣውንም ሙቅ አየር ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። ሲዝጉ መኪናዋ ወገቧ ይላላል። ሲገዙ ጭቃውንና አዲሱን ጥቁር ቅብ አምነው አይለፉ፤ በክሪክ ከጎን ያንሡአትና በሩን ከፍተው መልሰው ይዝጉ። በሩ አልገጥም ካለ፣ ወይም ክሪኩ ብረቱን እየሰረጎደ ከገባ፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው የሚነገርላት መኪና አይደለችም።

አራተኛ፣ የጭሱ ጉዳይ። ያ ሙቅ አየር የሚሞቀው በጭስ ማውጫው ቧንቧዎች ዙሪያ አልፎ ነው። ቧንቧዎቹ ከተበሱ ጭሱ ከሙቅ አየሩ ጋር ተደባልቆ ልጆች ወደሚቀመጡበት ክፍል ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ራሱ ሽታ የለውም። በጉዞ ላይ ልጆች ያለወትሮአቸው ቢያንቀላፉ፣ ራሳቸውን ቢያማቸው ወይም ቢያቅለሸልሻቸው «መንገዱ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። መስኮት ከፍቶ፣ መኪናዋን አቁሞ፣ ከውስጧ መውጣት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ፍሬኑ። የአብዛኞቹ ቮልስዋገኖች የአራቱም ጎማ ፍሬን የታምቡር ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ሲረገጥ ታምቡሩ ይግልና የፍሬን ሸራው የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የምርመራው ቦታ ሜዳ ነው፤ ጣርማበር ግን ሜዳ አይደለም። ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየያዙ መውረድ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ አንድ የፍሬን መስመር ብቻ ስላላቸው፣ አንዲት ቧንቧ ብትቀደድ አራቱም ጎማዎች ፍሬን አልባ ይሆናሉ። በየሳምንቱ የፍሬን ዘይቱ መጠን ይታይ፤ ፔዳሉ ደጋግሞ ካልተረገጠ የማይዝ ከሆነ ያች መኪና ከግቢ አትውጣ።

ስድስተኛ፣ መሪውና የፊት እግሯ። መኪናይቱ ቆማ መሪው በቀስታ ሲዞር፣ ጎማዎቹን ሳያንቀሳቅስ ሁለት ጣት ያህል የሚሄድ ከሆነ የመሪው ሳጥን ወይም ቴስቲናዎቹ አልቀዋል ማለት ነው። የፊት እግሯ ግሪስ ካላገኘ ቶሎ ይበላል፤ ብዙ ባለቤቶችም ይህንን ይዘነጉታል። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነም የኋላ ጎማዎቿ ከፊተኞቹ ይልቅ ብዙ አየር ይፈልጋሉ፤ አራቱንም እኩል መንፋት በመታጠፊያ ላይ ያንገዋልላታል።

ሰባተኛ፣ ሞተሩ። በምርመራ ጊዜ ብዙ የማይታየው ይህ ነው፤ የገዢውን ኪስ የሚያራቁተው ግን ዋናው እርሱ ነው። የቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ነው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ የሚያጣራው ተራ የሽቦ ወንፊት ነው፤ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሊለወጥ ይገባል። ማራገቢያውንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቀበቶ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ወዲያውኑ መቆም ግዴታ ነው፤ ቀበቶው ተበጥሶ እንደሆነ ሞተሩ አየር አጥቶ ይቃጠላልና። ትርፍ ቀበቶ ሳይዙ ሩቅ መንገድ መውጣት አይገባም። ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ ሞተሩን አስጠፍተው፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ከሥር ያለውን ትልቅ መዘውር በሁለት እጅ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ ጓ ጓ የሚል ድምፅ ከተሰማ የሞተሩ እድሳት ቀርቧል።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ስስ በመሆኑ፣ የዚህ ዓይነት ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ካርቡራቶሩም ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላዎቹ በጥላሸት ይጠቁራሉ። ስለዚህ ዳገት ላይ የምትደክም ቮልስዋገን ሁሉ በሽተኛ አይደለችም። ሻጭ ግን እውነተኛውን ሕመም በከፍታው እያሳበበ ሊሸፍን ስለሚችል፣ ካንዴላዎቹን አስፈትቶ ማየት ይጠቅማል።

ወደ ሃምሳ አለቃው እንመለስ። መኪናዋ ተጭና መጣች። ለሁለት ወር ያህል በየእሑዱ ሃምሳ አለቃውና የበኩር ልጃቸው ከአንድ ጡረተኛ የጦር መካኒክ ጋር ሆነው ወለሏን በየዱ፤ ቱቦዎቿን ለወጡ፤ ለባትሪውም ክዳን ሠሩ። ወጪው ለልጆቹ ልብስና ለክረምት ቀለብ ከታሰበው ገንዘብ ላይ የተቀነሰ ነው። እኛም በሁለተኛው እሑድ ሄደን ይቅርታ ከጠየቅን በኋላ ሽቦ ብሩሽ ይዘን ከሥር ገባን። ሃምሳ አለቃው ምንም ቅሬታ አላሳዩንም። ወይዘሮዋ ግን ቡና ሲያቀርቡልን «መቶ አለቃ፣ ሌላ ጊዜ ወረቀቱን ለእኔ ይስጡኝ፤ እርስዎ ከመኪናው ሥር ይግቡ» አሉን። ተሳቀ፤ እኛ ግን ቃሉን ይዘነዋል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አንድ ሥርዓት ተተክሏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባትየው ዘይቱንና የፍሬን ዘይቱን ያያሉ፤ የበኩር ልጁ ጎማዎቹን በመለኪያ ይለካል፤ ሁለተኛዋ ልጅ ከፊት ቆማ መብራቱንና ፍሬቻውን፣ ከኋላ ቆማ የፍሬኑን መብራት ትጠራለች፤ እናትየው የሞተሩን ክዳን ከፍተው ቱቦዎቹን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ያሸታሉም። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ትንሹ ልጅም ሥራ ይሰጠኝ ብሎ ስላስቸገረ፣ የኋላው መቀመጫ ሲነሣ የባትሪው ክዳን በቦታው መኖሩን «አለ!» ብሎ የሚያስታውቀው እርሱ ነው።

በመጨረሻም ልናስገነዝብ የምንወደው ይህንን ነው። ዓመታዊው ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ ቦሎው ያለፈበት መኪና ይዞ መንገድ መውጣትም ጥፋት ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የጥንቃቄያችን መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባም። መኪና ሊገዛ ያሰበ ባልደረባ ካለ ወረቀቱን ያንብብ፤ ካነበበ በኋላ አጥፎ ኪሱ ያግባና መቀመጫውን ያንሣ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም።

እኛን ወረቀት እንድናይለት የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር ፈቃደኞች ነን። ከእንግዲህ ግን የምንመጣው የሥራ ልብስ ለብሰን ነው።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።